የጠገራው ድምፅ

እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። ከዕቃዋ ሁሉ ሳንከፋፈለው የቀረ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር፤ ውስጡ ጥለቱ የደበዘዘ ነጠላ፣ ጥቂት ዕጣንና በጨርቅ የተቋጠረ ሦስት ጠገራ ብር አለ። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሜ ቤት ሄጄ ሣጥኑን አብረን ከፈትነው። ጋሼ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው፤ በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሏል፣ ዛሬም ከቅዳሴ አይቀርም። እኔ ነርስ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጌታን ተቀብዬ ከወንጌላውያን ጋር ነው የማመልከው። ይህ ልዩነት በቤታችን ብዙ እንባ አስፈስሷል። እንባው ከደረቀ በኋላ ግን ስለ እምነት ሳልፈራ የማወራው ከእርሱ ጋር ብቻ ሆኖ ቀረ። የዚያን ዕለትም የሄድኩት ለሣጥኑ ብቻ አልነበረም።

እኔ፦ አንድ ነገር ልነግርህ ነው ጋሼ። እስክጨርስ ግን አትፍረድብኝ።

ጋሼ፦ ገና አቦሉ ነው፤ እስከ በረካ ጊዜ አለን። ንገሪኝ።

እኔ፦ ባለፈው እሑድ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ነበር። በጸሎቱ መካከል ከመድረክ ወርዶ እኔ ፊት ቆመ። ነጭ ለብሰሽ በሕመምተኞች መካከል አይሻለሁ አለኝ። እግዚአብሔር ከዚያ ሊያወጣሽ ነው፣ ባሕር ማዶ በር ተከፍቶልሻል፣ ወሩ ሳያልቅ ሥራሽን ልቀቂ አለኝ። ስለ እኔ ማንም የነገረው ሰው የለም። ጉባኤው አሜን አለ፤ እኔም ተንበርክኬ አለቀስኩ።

ጋሼ፦ ከዚያስ?

እኔ፦ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ጋሼ፦ አላስገባሽውም ማለት ነው።

እኔ፦ ሦስት ቀን ሙሉ ይዤው ገባሁ፣ ይዤው ወጣሁ። እጄ እምቢ አለ። አሁን የሚያስፈራኝ ይኸው እምቢታ ነው። እምነት ማጣት ይሆን? የመንፈስን እሳት እያጠፋሁ ይሆን?

ጋሼ፦ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች መንፈስን እንዳያጠፉ፣ ትንቢትንም እንዳይንቁ ጻፈላቸው። እዚያው ላይ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ ሁሉን ፈትነው መልካሙን እንዲይዙ አዘዛቸው። አንድ ትእዛዝ ነው፣ እታለም። ሰው የናቀውን ነገር አይመረምርም፤ ይጥለዋል። የሚመረምረው ዋጋ ሊኖረው ይችላል ያለውን ነው። ስለዚህ መመርመርሽ መንፈስን መድፈር አይደለም።

እኔ፦ መርምሩ የሚለውንማ እኛም እንሰብካለን። እንዴት እንደሚመረመር ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። "በመንፈስ ታውቂዋለሽ" ይሉኛል። እኔ ግን የቱ መንፈስ፣ የቱ የገዛ ልቤ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል።

ጋሼ፦ እስኪ ያን ጨርቅ አቀብዪኝ።

ቋጠሮውን ፈታና አንዱን ጠገራ አንሥቶ በምድጃው ጠርዝ ድንጋይ ላይ ጣል አደረገው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ቶሎ የማይሞት ድምፅ ሰጠ።

ጋሼ፦ አያታችን ጨው ነጋዴ ሳለ ጠገራ የሚቀበለው እንዲህ እያደረገ ነበር። መጀመሪያ ድምፁን ይሰማል። ቀጥሎ በላዩ የታተመችውን ንግሥት ጌጥ ዕንቁ በጣቱ ይቆጥራል። ከዚያ በእጁ ይመዝነዋል። ገዢው ዘመዱ ቢሆንም አይዘልለውም፤ ዘመዱም አይቀየመውም። ይህን የማነሣልሽ በአራተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ዮሐንስ ካስያን የሚባል ሰው ወደ ግብፅ፣ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ወርዶ ከአበው ከሰማው ነገር የተነሣ ነው። አባ ሙሴ የሚባሉ አባት፣ ሰው ሐሳቡን እንደ ገንዘብ ለዋጭ መፈተን አለበት ብለው አስተማሩት። እንዲያውም ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ እንደ ጎበዝ ገንዘብ ለዋጮች ሁኑ ብሏቸዋል የሚል ቃል በጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ይነገር ነበር። ከአራቱ ወንጌላት አንዱም ላይ አታገኚውም፤ እነ ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያና እነ ኦሪጀን ግን ያውቁታል።

እኔ፦ ገንዘብ ለዋጩ ምኑን ነው የሚያየው?

ጋሼ፦ አባ ሙሴ አራት ነገር ይላሉ። ወርቅ ነው ወይስ የተወለወለ ናስ? ወርቅስ ቢሆን የታተመበት መልክ የእውነተኛው ንጉሥ ነው ወይስ የቀማኛ? መልኩስ ደህና ቢሆን የተመታው ከየት ነው? በመጨረሻም ዝገት በልቶት ክብደቱ ጎድሎ እንደሆነስ?

እኔ፦ የመጀመሪያው ይገባኛል። ናስ ማለት ጭራሽ ውሸት የሆነ ነገር ነው። ሁለተኛውስ?

ጋሼ፦ ወርቁ ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ መልኩን የሚያጣምመው ተርጓሚው ነው። ሰይጣን ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ሲፈትነው ከዳዊት መዝሙር ነው የጠቀሰለት። ቃሉ ንጹሕ ወርቅ፣ ማኅተሙ ግን የቀማኛ። እነዚህን ሁለቱን አንቺም ታውቂያቸዋለሽ፤ መጽሐፍ ቅዱስሽን ከእኔ ይልቅ ታነቢያለሽ። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው።

እኔ፦ ወርቁም መልኩም ትክክል ከሆነ ከየት ቢመታ ምን ችግር አለው?

ጋሼ፦ ይህን ጠገራ እዪው። ዓመቱ 1780 ነው። ማርያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ቀረ። እንግዲህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935፣ የጣሊያን ወረራ በተጀመረበት ዓመት፣ ሙሶሊኒ የዚህን ብር መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። ሕዝባችን የሊሬ ወረቀት እንደማያምን ያውቃል፤ ጠገራን እንደሚያምንም ያውቃል። ብሩ እውነተኛ ብር ነው። ንግሥቲቱ ያችው፣ ዕንቁዎቿ ያው፣ ድንጋይ ላይ ቢጣል ድምፁ ያው።

እኔ፦ አያታችን እንኳ አይለየውም ነበር ማለት ነው።

ጋሼ፦ በጆሮው አይለየውም። የሚለየው የሰጠውን እጅ አይቶ፣ በምላሹ ምን እንደተጠየቀ አይቶ ነው።

ይህን ካለ በኋላ ሁለታችንም ለጊዜው ዝም አልን። እኔ የእሑዱን ቀን እያሰብኩ ነበር።

እኔ፦ ሰውዬው ግን እውነት ነው የተናገረው ጋሼ። ነጭ እለብሳለሁ። ሕመምተኞች መካከል ነው የምውለው። ማን ነገረው?

ጋሼ፦ ፊልጵስዩስ ከተማ ውስጥ ጳውሎስን ብዙ ቀን የተከተለችው ገረድ ምን ስትል ነበር? የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች መሆናቸውን፣ የመዳንን መንገድ የሚሰብኩ መሆናቸውን ነበር የምትጮኸው። አንድ ሐሰት አልተናገረችም። ጳውሎስ ግን መንፈሱን ገሥጾ አስወጣው። በጥንቆላዋ ገንዘብ ሲሰበስቡ የነበሩት ጌቶቿ ወዲያው አስያዙት። ቃሏ እውነት ነበር፤ የተመታው ግን ሌላ ቦታ ነበር። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 13ም ቢሆን ተአምሩ ደርሶ፣ ምልክቱ ተፈጽሞ እያለ እንኳ ሰውየው ከአምላክሽ የሚያርቅሽ ከሆነ አትስሚው ይላል። ልክ መናገር ብቻውን መለያ አይሆንም።

እኔ፦ ስለዚህ ሐሰተኛ ነቢይ ነው እያልከኝ ነው።

ጋሼ፦ አላልኩም። ሰውየውን አላውቀውም፤ በማላውቀው ሰው ላይ እንዲህ ብዬ ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል። እግዚአብሔር አየኝ የሚያሰኝ ነገር አይቶልሽ ሊሆን ይችላል። ግን ያየው አንድ ነገር ነው፤ ልቀቂ ያለው ሌላ ነገር ነው። አጋቦስ የጳውሎስን መታጠቂያ አንሥቶ የራሱን እጅና እግር አስሮ በኢየሩሳሌም የሚጠብቀውን አሳየው። ትንቢቱ እውነት ነበር። ወንድሞች ሁሉ አትሂድ ብለው አለቀሱ። ጳውሎስ ግን ሄደ። አጋቦስ የሚሆነውን ነገረው እንጂ ውሳኔውን ከእጁ አልወሰደበትም።

እኔ፦ አብርሃምስ? እርሱም እንዲህ ቢመረምር ኖሮ ከካራን አይወጣም ነበር።

ጋሼ፦ ይህ ጥሩ ክርክር ነው። አብርሃም ተጠርቶ ወጣ፤ ሰባ አምስት ዓመቱ ነበር። የተስፋውን ልጅ ግን መቶ ዓመት ሲሞላው ነው የታቀፈው። በመካከል አንድ ጊዜ ቸኮለ፤ አጋርን ወሰደ። የተጠራ ሰው እንኳ ችኮላው ምን እንዳስከተለበት ተመልከቺ። ስለዚህ እኔን ካስጨነቀኝ አንዱ ያ "ወሩ ሳያልቅ" ያለሽ ነው። ሰይጣን የብርሃንን መልአክ እንደሚመስል ተጽፏል፤ የሚቸኩለው ታዲያ ብርሃኑ ቶሎ ስለሚጠፋበት ይመስለኛል።

እኔ፦ ይመስለኛል ነው ወይስ አባቶች ብለውታል?

ጋሼ፦ ይህ የእኔ ነው። አባቶች ያሉት ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው በአባ እንጦንስ ገድል ውስጥ አለ። አትናቴዎስ እንግዳ አይደለም፤ የእኛን የመጀመሪያ ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመው እርሱ ነው። እንጦንስ ለመነኮሳቱ የነገራቸው ይህን ነው፦ ከእግዚአብሔር የሆነ ራእይ መጀመሪያ ቢያስፈራ እንኳ ፍርሃቱን አውጥቶ ጸጥታና ደስታ ትቶ ይሄዳል፤ የክፉው ግን ሁከትና ጩኸት ትቶ ይሄዳል። ደግሞም የታየህን ማን ነህ፣ ከየት ነህ ብለህ ጠይቀው ይላል፤ ኢያሱ በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፍ መዝዞ የቆመውን እንደጠየቀው።

እኔ፦ እኛ ጋር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ውስጥ የጆናታን ኤድዋርድስን ትምህርት አጥንተን ነበር። በ1741 በአሜሪካ የኒው ኢንግላንድ መነቃቃት ሰው ሲጮኽ፣ ሲወድቅ፣ ሲንቀጠቀጥ እርሱ ቁጭ ብሎ መለየት ጀመረ። መጮኹና መውደቁ ከእግዚአብሔር ለመሆኑም ላለመሆኑም ማስረጃ አይሆንም አለ። ይልቅ ሥራው ክርስቶስን ያከብራል ወይ? ከኃጢአት ያርቃል ወይ? ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ይመልሳል ወይ? ፍቅር ይጨምራል ወይ? ያኔ ስናጠናው ቀላል መስሎኝ ነበር። እሑድ ዕለት ግን እንባዬን እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት።

ጋሼ፦ እንባሽን አልነቅፈውም። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ያለቀስሽ?

እኔ፦ ከእማዬ ቀብር በኋላ።

ጋሼ፦ እንግዲያስ ሌላም የሚያስለቅስሽ ነገር ነበረ።

እዚህ ላይ ጋሼ ጥቂት አመነታ። ሊለው የፈለገውን ሰው ስም መጥራት እንደከበደው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ጋሼ፦ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ የሚባል የስፔን ወታደር ነበረ። እርሱ የመሠረተው የኢየሱሳውያን ማኅበር ልጆች በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን ላይ ምን እንዳመጡ አስተምሬአለሁ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1632 ንጉሡ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት እስኪመልሱ ድረስ የፈሰሰውን ደምም አውቃለሁ። ከዚያው ማኅበር የመጣው አልፎንሱ ሜንዴዝ የሕዝቡን ልብ ሳይለይ በግድ ሊያስጎነብሰው ሞከረ። ስለዚህ ስሙን ስጠራ ልቤ ይቆጠቆጣል። ሰውየው ግን አንድ እውነት አይቷል፤ ከእውነቱ ልሸሽ አልችልም። በ1521 ፓምፕሎና ላይ የመድፍ ጥይት እግሩን ሰብሮት ተኝቶ ሳለ፣ የጀግንነት ተረት መጽሐፍ ቢጠይቅ ስላልነበረ የክርስቶስን ሕይወትና የቅዱሳንን ገድል ሰጡት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሁለት ነገር ያልማል፦ አንዴ የቤተ መንግሥት ዝና፣ አንዴ እንደ ቅዱሳን መሆን። ሲያልም ሁለቱም ያስደስቱታል። ካበቃ በኋላ ግን የመጀመሪያው ደረቅ አድርጎ ይተወዋል፤ የሁለተኛው ጣዕም ይቆያል። ይህን ልዩነት ማስተዋሉ ነው ሕይወቱን የቀየረው። አንቺስ ሳምንት ሆነሽ፤ ምን ቀረሽ?

እኔ፦ ፍርሃት። በሩ ሳልገባ ይዘጋብኛል የሚል ፍርሃት። ሌሊት ተነሥቼ ቀን እቆጥራለሁ።

ጋሼ፦ ደስታውስ?

እኔ፦ ደስታው እዚያው እሑድ ዕለት ነበር። እውነቱን ልንገርህ? ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን መምረጡ ደስ አሰኝቶኛል። በአዳራሹ የተሰበሰበው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለስንት ዓመት ሌሊት ሌሊት የሰውን ቁስል ሳጥብ ማንም ዞሮ አላየኝም።

ጋሼ፦ ይህን መናገርሽ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። አራተኛው የአባ ሙሴ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ከንቱ ውዳሴ እንደ ዝገት ክብደት ይቀንሳል ይላሉ።

እኔ፦ እሺ። ታዲያ አንተ ታላቄ ነህ፤ መጻሕፍቱንም ታውቃለህ። አትሂጂ በለኝና ልቀመጥ።

ጋሼ፦ አልልሽም።

እኔ፦ ለምን?

ጋሼ፦ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 13ን አስታውሺ። ስሙ ያልተጻፈ የእግዚአብሔር ሰው ከይሁዳ ወደ ቤቴል መጣ። ንጉሥ ኢዮርብዓም በመሠዊያው አጠገብ ቆሞ ሳለ በመሠዊያው ላይ ትንቢት ተናገረ። ንጉሡ ያዙት ብሎ የዘረጋት እጅ ደረቀች፤ እርሱ ጸልዮ መለሰለት። ንጉሡ ቤቴ ግባ፣ እህል ቅመስ ቢለው፣ በዚያ ስፍራ እንዳይበላና እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ ታዝዞ ነበርና የቤትህን እኩሌታ ብትሰጠኝም አይሆንም አለው። የንጉሥን ማዕድ እምቢ ያለ ሰው ነው። ከዚያ ግን በመንገዱ ላይ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ።

እኔ፦ ደክሞት።

ጋሼ፦ ደክሞት፣ ርቦት። በቤቴል የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነቢይ በአህያ ተከተለውና ዛፉ ሥር አገኘው። እኔም ነቢይ ነኝ፣ መልአክ መልሰህ አብላው ብሎኛል አለው። መጽሐፉ ዋሸው ይላል። ምን ብሎ እንደዋሸው እንጂ ለምን እንደዋሸው አይናገርም። የእግዚአብሔር ሰው ተመለሰ፣ በላ፣ ጠጣ። ገና ማዕድ ላይ ሳሉ በዚያው በዋሸው ሽማግሌ አፍ የእውነት ቃል መጣና ሬሳህ ወደ አባቶችህ መቃብር አይገባም ተባለ። ሲመለስ አንበሳ መንገድ ላይ ገደለው። አንበሳው ግን ሬሳውን አልበላውም፣ አህያውንም አልሰበረውም። ሦስቱም መንገድ ዳር ቆዩ፤ ሬሳው ተጋድሞ፣ አህያውና አንበሳው በአጠገቡ ቆመው። ሽማግሌው መጥቶ አልቅሶ በራሱ መቃብር ቀበረው።

እኔ፦ ይህ ምዕራፍ ሁልጊዜ ያስከፋኛል። የዋሸው ዕድሜውን ጠግቦ ይኖራል፣ የተታለለው ይሞታል።

ጋሼ፦ እኔንም ያስከፋኛል። ማስተማር ሳቆም ነው ቀስ ብሎ የገባኝ። ሰውየው በግልጽ የተቀበለው ቃል ነበረው። ያንን ግልጽ ቃል ከሌላ ሰው በሰማው፣ ራሱ ባልመረመረው፣ ሆዱም በወደደው ቃል ለወጠው። የነገረው ሰው ሽማግሌ ነው፣ ነቢይም ነው፣ መልአክም ጠርቷል። ሽበት ብቻውን አያዋጣም ማለት ነው። ስለዚህ እኔም ዛፉ ሥር ደርሼ ተመለሺ ወይም ሂጂ ልልሽ አልፈልግም።

እኔ፦ ያው ሽማግሌን አትመን ከሆነ ሰው ብቻውን ነዋ የሚለየው።

ጋሼ፦ ብቻውንም አይሆንም። ካስያን ሄሮን የሚባል መነኩሴ ታሪክ ይነግረናል። ሃምሳ ዓመት በበረሃ የኖረ ነው። ጾሙ ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ በፋሲካ ቀን እንኳ ከወንድሞች ጋር ማዕድ አይቀርብም፣ ሥርዓቴ ይላላል ብሎ። ሐሳቡን ለማንም አያካፍልም ነበር። አንድ ሌሊት መልአክ መስሎት ሰይጣን ከጥልቅ ጉድጓድ ግባ፣ ጽድቅህ ያወጣሃል አለው። ገባ። ሞት አፋፍ ላይ ሳለ አወጡት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የሚያሳዝነው፣ እስኪሞት ድረስ የተናገረው ሰይጣን መሆኑን ሊያሳምኑት አልቻሉም። ስለዚህ አበው ሐሳብ ይገለጥ አሉ፤ ጨለማ ውስጥ የሚያድገው ወደ ብርሃን ሲወጣ ይደክማል። ግን ወዲያው ሌላ ታሪክ ይጨምራሉ። አንድ ወጣት መነኩሴ የዝሙት ሐሳቡን ለአንድ አረጋዊ ቢገልጥ፣ አረጋዊው ምንኩስና አይገባህም ብሎ አዋረደው። ተስፋ ቆርጦ ወደ ዓለም ሲመለስ መንገድ ላይ አባ አጵሎስ አገኘው፣ አጽናናው፣ መለሰው። የሚገለጥለትም ሰው ይመረመራል፤ ቁስልሽን አይቶ የሚያዝን መሆኑን ታያለሽ።

እኔ፦ በየት በኩል ላየው?

ጋሼ፦ አንቺ ነርስ አይደለሽ? እስኪ ሕመምተኛ ሲመጣ የምታደርጊውን ንገሪኝ።

እኔ፦ የደም ግፊት አንድ ጊዜ ለክቼ አልወስንም። ሮጦ የመጣ ሰው ከፍ ይላል፤ አስቀምጬ፣ ውኃ አጠጥቼ ደግሜ እለካለሁ። ልክ ያልመሰለኝን ቁጥር ለሌላ ነርስ አሳያለሁ። እርሷ ሳታፍር ተሳስተሻል የምትለኝ መሆን አለባት። ሕመምተኛው ምንም የለኝም ቢለኝም ከንፈሩን አያለሁ።

ጋሼ፦ ይህን ሁሉ ስታውቂ ኖረሽ ነው እንዴት እንደሚመረመር ማንም አላስተማረኝም የምትይኝ?

እኔ፦ (ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ) ጋሼ፣ አንዲት ሴት ነበረች። የስኳር ሕመምተኛ። ተፈውሰሻል ተብላ ኢንሱሊኗን አቋርጣ ራሷን ስታ መጣች። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ነበርኩ፤ ሊነጋ ሲል አረፈች። ልጇ ኮሪደሩ ላይ "እምነቷ ጎድሎ ነው" እያለ ሲያለቅስ ሰማሁት። ያንን ቃል ከጆሮዬ አላወጣሁትም። የነገራት ሰው እኮ ክፉ አልነበረም፤ ከልቡ ነበር። የእኛ ወገን ነው።

ጋሼ፦ በእኛም ወገን አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት መሰጠት በጀመረ ጊዜ ጸበል ገብቻለሁ ብለው መድኃኒቱን የጣሉ ስንቶች ነበሩ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ እስኪያስተምሩ ድረስ ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ ባላንጣ ያይ ነበር። ያ ትምህርታቸው እኔ በዘመኔ ካየኋቸው የማስተዋል ሥራዎች አንዱ ነው። አባ እንጦንስ ዘንድ አበው ተሰብስበው መነኩሴን ከውድቀት የሚጠብቀው ምንድን ነው ብለው ሲመካከሩ አንዱ ጾም አለ፣ አንዱ ትጋት፣ አንዱ ንብረትን መተው፣ አንዱ ምጽዋት። እንጦንስ ማስተዋል ነው አላቸው፤ በእነዚያ ሁሉ በርትተው ማስተዋል ሲጎድላቸው የወደቁትን አይቶ ነበር።

ቡናው ሁለተኛ ተቀድቶ ነበር፤ ቀዝቅዞብኝ ነው የጠጣሁት። ከውጭ የሠርክ ደወል ተሰማ። ቦርሳዬን ከፍቼ ደብዳቤውን ከጠገራዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩት።

እኔ፦ ዛፉ ሥር ተቀምጬ ነበር ጋሼ። አሁን ነው የገባኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሌሊት ሠርቻለሁ፤ ደመወዜ ለቤት ኪራይ አይበቃም፤ እማዬን እኔ ራሴ አስታምሜ ቀብሬያታለሁ። ሰውየው ባይመጣ እንኳ መሄድን ተመኝቼው ነበር።

ጋሼ፦ መመኘትሽ ኃጢአት አይደለም። ምናልባትም መሄድ አለብሽ። ግን ድካምሽ ነው የሚናገረው ወይስ ጥሪሽ የሚለውን ለይተሽ ሂጂ።

እኔ፦ ወሩ ይለፍ። እግዚአብሔር የከፈተው በር ከሆነ ወር በማለፉ አይዘጋም። እስከዚያ ፈቃድ እወስዳለሁ፣ እተኛለሁም። ከእኛ የጸሎት ቡድን አንዲት እናት አሉ፤ ሁሉ አሜን ሲል ዝም የሚሉ። እሑድ ዕለትም ዝም ብለው ነበር። ለእርሳቸው ደስ ያለኝንም የፈራሁትንም ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። ከነገርኳቸው በኋላም ሂጂ ካሉኝ ደግሜ አስባለሁ።

ጋሼ፦ እኔም ጸሎት አደርጋለሁ።

እኔ፦ ጋሼ፣ አሁን እኔ ልጠይቅህ። እዚህ ጨርቅ ውስጥ ስንት ጠገራ ነው ያለው?

ጋሼ፦ ሦስት።

እኔ፦ ስንት ነን?

መልስ አልሰጠኝም። ከእናታችን ቀብር ማግስት በቤቱ ጉዳይ ከተጣሉ ወዲህ ከመካከለኛው ወንድማችን ጋር አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ጋሼ፦ ብዙ ጸልዬበታለሁ። ልቤ ሰላም አይሰጠኝም። ጊዜው አልደረሰም ብዬ ነው።

እኔ፦ ይህ ሰላም አጣሁ የምትለው ከየት የተመታ ነው?

ጋሼ፦ እታለም...

እኔ፦ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው ቃል ግልጽ አይደለም? ንጉሥ ቢለምንህ የማትለውጠው ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰላም አይሰማኝም የሚለው ድምፅ ማን ነው? ማን ነህ፣ ከየት ነህ ብለህ ጠይቀኸዋል?

ጋሼ ለረዥም ጊዜ ምድጃውን ሲያይ ቆየ። ፍሙ አመድ ለብሶ ነበር። ከሦስቱ ጠገራ አንዱን አንሥቶ ድንጋዩ ላይ ሊጥለው ሲል ተወውና በመዳፉ ጨበጠው።

ጋሼ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆርቤአለሁ።

እኔ፦ አውቃለሁ።

ጋሼ፦ ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል አሉኝ። አዲሱ አለሽ?

እኔ፦ አለኝ። ልደውልልህ?

ጋሼ፦ አይ። ቁጥሩን ንገሪኝ፤ እኔ ራሴ እደውላለሁ።